የእትዬ አስካለ ወይራ በውርጭ አገር

ጅቡቲ የኖረ ሰው ብርድን እንደ ምግብ ይናፍቃል። እናንተ ደጋ ላይ ጋቢ ስትደርቡ፣ እኛ ካርቲየ አንድ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ እርጥብ አንሶላ ለብሰን ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ እናወራ ነበር። ወሬውን የሚያመጣልን ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወደብ ጭኖ ይወጣል፤ ሲመለስ ለሚስቱ ለእትዬ አስካለ ከትውልድ አገሩ አንድ ነገር ሳይዝ አይመጣም። አንድ ጊዜ በወተት ጣሳ የወይራ ችግኝ አመጣላት።

«ይኼ እዚህ ይጸድቃል?» አለችው።

«እኔስ ጸድቄ የለ?»

ጸደቀ። ከጣሳ ወደ ባልዲ እስኪዛወር ድረስ፣ ውኃ በጠፋ ቀን እንኳ ከምትጠጣው ቀንሳ አጠጣችው።

ጋሽ በቀለ አንድ ጊዜ ታሞ አገሩ እንደገባ ቀረ። ቀብሩ ደብረ ብርሃን አጠገብ በተወለደበት መንደር ሆነ፤ እሷም አልደረሰችም። ሙት ዓመቱ ኅዳር ላይ ሲደርስ ወይራውን መቃብሩ አጠገብ ልትተክለው ይዛ ተነሳች። እኔም ፈቃድ ወጥቼ ተከተልኳት። ባልዲው መንገዱን ሁሉ የተጓዘው ጭኔ ላይ ነው፤ ጉልበቴን ጠይቁት።

ተከልነው። በማግስቱ ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ጠበቀን። የእኛ ወይራ ቅጠሉ በፈላ ውኃ የተነከረ ይመስል ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። የመቃብር ቦታው አጥር ጥግ ያለው የአገሬው ወይራ ግን ምንም አልሆነ።

እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች። «የሰጠኝን ገደልኩበት» አለች።

የባሏ እህት እትዬ ዘነበች ግንዱን በጥፍሯ ፋቅ አደረገች። «ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ አልሞተም። የኛዎቹ እኮ ከመስከረም ጀምረው በትንሽ በትንሹ ይለምዱታል። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ለጋ ማውጣት ይተዋሉ፣ ቅጠላቸውም ይጠነክራል። ያንቺው ገና ከሐሩር መምጣቱ ነው፤ ለጋውን እንደዘረጋ ውርጭ ላይ አደረ። ምን ያድርግ?»

እትዬ አስካለ የመጣችው ለሳምንት ነበር። ሥሩ ገለባ ጎዘጎዘችለት፤ ሲመሽ በጆንያ ትሸፍነዋለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትገልጠዋለች። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። በበልግ ከሥሩ ቀንበጥ ማውጣቱን በስልክ ነገረችኝ። «የሚቀጥለውን ውርጭ ይለፍና እመጣለሁ» አለች። በቀጣዩ ዓመት ከመስከረም ጀምሮ ሳይሸፈን እያደረ ለመደ፤ ኅዳርንም ቅጠሉ ሳይጠቁር አለፈው። እሷ ግን አልመጣችም። የጅቡቲ ቤቷንም ለቀቀች።

ከዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ለጎረቤት ሰርግ ጅቡቲ መጣች። ያን ሁሉ ዘመን የኖረችበትን ሙቀት አልቻለችውም። ቬንቲሌተር ሥር እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ አድርጋ ስለ ጋሽ በቀለ፣ ስለ ድሮው ግቢ ስናወራ፣ ድንገት ስልኳን አነሳች።

«እትዬ ዘነበች፣ ወይራውን ውኃ አጠጣሽልኝ?»

የዘነበች ድምፅ ለእኔም ይሰማ ነበር። «ምን ነካሽ አስካልዬ፣ እዚህ እኮ ክረምት ነው። ዝናቡ ከቤት አላስወጣን ብሏል።»

እትዬ አስካለ ስልኩን ዘጋችና ፎጣውን ወደ ፊቷ አነሳችው።

«ለማንኛውም ልጠይቅ ብዬ ነው» አለችኝ።