የኢልማሪ ሦስተኛዋ ሚዛን

[ፊንላንድ፣ የኢልማሪ ጋራዥ፣ ከሰዓት በኋላ። ኢልማሪ የጥይቱን ባሩድ ራሱ መዝኖ ቀለህ የሚሞላ አዳኝ ነው፤ ማወቁንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቀለሆች፣ የባሩድ ቆርቆሮና አንዲት አዲስ ዲጂታል ሚዛን አሉ። እሱ ጺሙ ሚዛኗን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሷል። ጎረቤቱ ካውኮ በሩ አጠገብ በካልሲ ቆሟል።]

ኢልማሪ፦ አውልቅ ብዬሃለሁ!

ካውኮ፦ ጫማዬን አወለቅኩ እኮ።

ኢልማሪ፦ ካልሲውን! ሱፍ ነው። ሱፍ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪክ ሚዛን ያሳብዳል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ኖርክ?

ካውኮ፦ ወለሉ ይበርዳል።

ኢልማሪ፦ ይብረዳ! ማሞቂያውን ያጠፋሁት ለምን መሰለህ? ፍሪጁንም አጥፍቻለሁ። ውሻውንም አስወጥቻለሁ።

ካውኮ፦ ሚስትህስ?

ኢልማሪ፦ እሷ ራሷ ወጣች። ስለ ሚዛን ማስረዳት እንደጀመርኩ።

ካውኮ፦ [ካልሲውን እያወለቀ] ለአንድ ጥይት ይሄ ሁሉ?

ኢልማሪ፦ ለአራት! ቅዳሜ የተኩስ ፈተና አለብኝ፤ አራቱም የዒላማው ክብ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሚዛን ከዋሸ ባሩዱ ይበላለጣል፣ ባሩዱ ከተበላለጠ አንዱ ጥይት ሰማይ አንዱ ምድር ይመታል። አምና ወድቄ ምን እንዳደረጉኝ ረሳኸው?

ካውኮ፦ ሾርባ አማሳይ።

ኢልማሪ፦ ሾርባ አማሳይ! ረግረጉ ዳር ያለችው ሰባት ቁጥር የአጋዘን መጠበቂያ የአባቴ ቦታ ናት! ሌላው አጋዘን ሲጠብቅ እኔ የአተር ሾርባ ሳማስል! ሲርካ ደግሞ፣ የአደን መሪ ተብላ፣ «ዘንድሮም ከወደቅክ ቦታዋን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብላኛለች።

ካውኮ፦ ሾርባው ግን ይጣፍጥ ነበር።

ኢልማሪ፦ ዝም በልና ተማር። ሚዛን ሦስት ዓይነት ነው። የሠላሳ ዩሮዋ የኪስ ናት፤ ወርቅ ቤት ትሂድ። የአራት መቶዋ የላቦራቶሪ ናት፤ ገንዘቡ የበዛበት ይግዛት። ብልህ ሰው መካከለኛዋን ይገዛል፦ በባትሪ ሳይሆን በገመድ የምትሠራ፣ የግራምን መቶኛ የምትለይ፣ መፈተሻ የሚዛን ድንጋይ ያላት። ይቺው ናት። ዘጠና ዩሮ።

ካውኮ፦ ከዚች በፊት የገዛሃቸው ሁለቱስ?

ኢልማሪ፦ ውሸታሞች ነበሩ! አንዷም አንድ ቁጥር ላይ አትረጋም። በአዳኞች ማኅበር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ጣልኳቸው። የትኛው ጅል እንደገዛቸው እንጃ።

ካውኮ፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] እህ።

ኢልማሪ፦ እይ እንግዲህ። ይቺ ድንጋይ ልክ አሥር ግራም ናት። ላስቀምጣት ነው... አትተንፍስ!

[ካውኮ ትንፋሹን ዋጠ። ሚዛኗ 10.00 አለች።]

ኢልማሪ፦ አየህ! ድፍን አሥር! ምርጫ ማለት ይሄ ነው! [10.04] ምን? ማነው የነካት? [10.07]

[ካውኮ ፊቱ ቲማቲም መስሎ በጣቱ ወደ ኢልማሪ አፍ ይጠቁማል።]

ኢልማሪ፦ ምን ትጠቁምብኛለህ? ጥርሴ ላይ ምን አለ? ይልቅ ነፋስ ገብቷል! [9.96]

[ተነሥቶ መስኮቱን ዙሪያውን በፕላስተር አሸገ። ሚዛኗ ብቻዋን ስትቀር 10.00 ላይ እንደ ድመት ተኛች። ተመልሶ አጎነበሰ።]

ኢልማሪ፦ አሁን ጉዷ ፈላ! ነፋሷን ዘጋሁባት! [10.06]

ካውኮ፦ [አልቻለም፣ ተነፈሰ] ኧረ ልሞት ነው!

ኢልማሪ፦ ሦስተኛዋም ውሸታም! አለቀልኝ! አንተ ምን ቸገረህ፤ ባሩድህን በዓሣ ሚዛን ለክተህ ትፈተናለህ።

ካውኮ፦ እኔማ ባለፈው ቅዳሜ ተፈተንኩ።

ኢልማሪ፦ እና?

ካውኮ፦ አራቱም ቀዳዳ በአንድ ስኒ ይከደናል።

ኢልማሪ፦ [ቀጥ ብሎ] በምን መዝነህ?

ካውኮ፦ ባንተ ሚዛን። በመጀመሪያዋ። አምስት ዩሮ ነበረች። ሁለተኛዋን ሲርካ ወሰደቻት፤ እሷም አልፋለች።

ኢልማሪ፦ ያቺ ቀጣፊ? ምን አደረግካት? ፈታሃት? መጽሐፍ አነበብክ? የትኛውን ምዕራፍ?

ካውኮ፦ ኧረ ምንም። እቀመጣለሁ፣ እመዝናለሁ።

ኢልማሪ፦ ሌላስ?

ካውኮ፦ ሌላማ... ዝም እላለሁ።

[ኢልማሪ ሊስቅ ሚዛኗ ላይ አጎነበሰ። «ሃ» አለ፤ 10.05። አፉን ዘጋ፤ 10.00። ቀስ ብሎ «ሃ»፤ 10.03። ዘጋ፤ 10.00። ሁለት ሚዛን፣ ፍሪጅና ሚስት በዓይኑ ፊት አለፉ።]

ካውኮ፦ ስንት ጥይት ትሞላለህ?

[ኢልማሪ አፉን በእጁ ይዞ በሌላው አራት ጣት አሳየ፤ መለማመጃውን አስቦ ሁለቴ መዳፉን ዘረጋ።]

ካውኮ፦ አሥራ አራት ጊዜ ዝም ማለት። ሁለት ቀን አለህ። ትችላለህ?

ኢልማሪ፦ [እጁን ለቆ] እንዴታ! እንዲያውም ላስረዳህ፤ ዝምታ ሦስት ዓይነት ነው፦ አንደኛው...

[10.09]

ካውኮ፦ [ካልሲውን እያጠለቀ] አይዞህ ወንድሜ። ሾርባ ሲማሰል ማውራት ይቻላል።