ጋሽ ከማል የማያውቁት መሣሪያ

ምሥራች! የኔትወርክ መፈተሻ ሶፍትዌሩ ጎባ ያገኘውን መሣሪያ ከነፖርቶቹ፣ ከነኬብል መሰኪያዎቹ፣ መዘገብኩት፤ ጸደቀልኝ!

«እኔ ያልተከልኩት መሣሪያ የለም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሮቤ በምለማመድበት የኔትወርክ ክፍል አንድ አሉ፤ ጋሽ ከማል። ሶፍትዌሩ ጎባ ቢሮ ያልተመዘገበ መሣሪያ አለ ሲለን ሳቁብኝ።

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ጎባን የዘረጋሁት እኔ ነኝ! ቅዠት ነው፣ ሰርዢው።»

«አይተነው ልሰርዘው፣ ጋሼ።» ከተሰረዘ እኮ የመጀመሪያ የምዝገባ ሥራዬ ገደል ገባ!

ጎባ ሄድን። ብርዱ ለጉድ ነው! ጋሽ ከማል እንደገቡ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ዝናብ የመታውን ጃኬታቸውን ጥግ ያለች ሳጥን ላይ አሰጡ። ገለጥኩት። መብራቶቿ ብልጭ ድርግም!

«እሷማ ማሞቂያችን ናት!» አሉ ጋሽ ከማል።

ይሄ ሁሉ ኬብል የተሰካባት ማሞቂያ የት አገር አለች? ሶፍትዌሩ ያገኛት መሣሪያ እሷው ነበረች! እሳቸው ራሳቸው ስቀው ኬብሎቹን አስቆጠሩኝ፤ እያንዳንዱ የት እንደሚሄድ ጻፍኩ።

እናንተም ቢሮ ልብስ የሚሰጣባት ሳጥን ካለች ጥሩኝ፤ እመዘግባታለሁ!