ሊቀ አልማዝ "አላውቅም" ያሉ ቀን

እናንተ ልጆች፣ ከሐኪምም ከዳኛም በላይ የሚያውቅ ሰው ካሻችሁ ጌጣጌጥ ቤት ግቡ። ከመስታወቱ ሳጥን ኋላ የቆመ ሻጭ ስለ አልማዝ የማያውቀው የለም። ድንጋዩ ከመሬት ሆድ ሲወጣ አዋላጁ እሱ ነበር ትላላችሁ።

የእኛ ሰፈሩ ደግሞ ይብሳል። ስሙን ትቼ ያወጣሁለትን ልንገራችሁ፤ ክቡር ሊቀ አልማዝ! በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን ለእንዲህ ያለ አዋቂ አንቱታ አይበዛም። ማጉያ መነጽራቸውን እንደ ሜዳይ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ "ድንጋይ አይዋሽም፤ እኔም አልዋሽም!" ይላሉ። "አላውቅም" የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

እኔ እዚያ የምገባው ለመግዛት አይደለም። እግሬን ላሳርፍ ነው። ጆሮዬን ግን አላሳርፍም።

አንድ ቀን ሙሽራና ሙሽሪት ቀለበት ሊያስጠብቡ መጡ። ሊቀ አልማዝን ማን ጠየቃቸው? መነጽሩን ደቅነው፣ "ይሄ አልማዝ ሆዱ ውስጥ ጠባሳ አለው" አሉ።

"የታለ?" አለች ሙሽሪት፣ መነጽሩን ነጥቃ።

ሙሽራው ላብ አጠመቀው። "ወንድሜ፣ አጥብብ እንጂ መርምር አልኩህ?"

"ድንጋይ አይዋሽም!"

ሲወጡ እሷ ፊት ፊት፣ እሱ ኋላ ኋላ። እኔ እንዴት እንደሳቅሁ!

ሌላ ቀን እኔንም አስተማሩኝ። "እማማ፣ ድንጋዩ ላይ ሃ ብለው ይተንፍሱ። አልማዝ ከሆነ ጉሙ ወዲያው ይጠፋል። ጠርሙስ ከሆነ ይቆያል።"

ይቺን ባላወቅሁ! የባሌ እህት፣ ምላሷን እንኳ ተዉት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ቀለበት ያጠለቅሁበትን ጣቴን ይዛ፣ "ወንድሜ ነው አልማዝ የገዛው? ለመኪናው ጎማ ያልተረፈው? የጠርሙስ ስባሪ ነው!" አለች። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ቀለበቷን አጠለቀልኝና፣ "አልማዝ ነው" አለኝ። አመንኩት። አሁን አፈር ከገባ ማንን ልጠይቅ? ይሄን ከዋሸኝ፣ "መንገድ ላይ ያላንቺ እንቅልፍ አይወስደኝም" ያለኝስ?

ራሴ ልተነፍስበት ፈራሁ። ወደ ሊቀ አልማዝ ሄድኩ።

በመነጽር አዩት። ሃ አሉበት። ጉሙ ቁጭ አለ። እኔም አየሁት፣ እሳቸውም እንዳየሁ አዩ። ቶሎ ብለው በእጅጌያቸው ጠረጉት።

"ማን ነው የሰጠዎት እማማ?"

"ባሌ።"

"አሉ?"

"የለም።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መነጽሩን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። "እማማ... ይሄን እንኳ አላውቅም።"

"እርስዎ? አያውቁም?"

"መነጽሬ ደክሟል።"

"እንግዲያ ያሳክሙት" አልኩና ቀለበቴን ይዤ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ዋሾ ይብዛልኝ! ሙሽራ ሲያዋርዱ የኖሩ ሰውዬ ለእኔ ሲሉ ዕውቀታቸውን ዋጡት። ዛሬ "ለፍላፊ ነው" ብሎ የሚያማቸው ቢመጣ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ። ማማት ካስፈለገ እኔ አለሁ።

ለባሌ እህት ምን አልኳት? "ሊቀ አልማዝ ራሳቸው አይተው የሚሉት አጡ!" ውሸት አለበት? ፊቷ ተለዋወጠ።

ማታ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ በራሴ ትንፋሽ ሞከርኩት። ያኔ ትዝ አለኝ። ባሌ መንገድ ሊወጣ ሲል ሞተሩን አስነስቶ ይመለስና ጣቴን ይዞ ሃ ይልበታል፤ በሸሚዙ ጫፍ ወልወል አድርጎ፣ "ስመለስ እንዲሁ ሲያበራ ላግኘው" ይለኛል። የዋሸኝ በድንጋዩ ነው፤ በመመለሱ አንድ ቀን አልዋሸኝም፣ ከመጨረሻው በቀር።

አልማዝ ቢሆን ትንፋሽ አያሳድርም ነበር። ይሄ ያሳድራል። ሃ እልበታለሁ፤ ጉሙ ይቀመጣል። አልጠርገውም። በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውለው እስኪመጣ የምጠብቅ ይመስል አየዋለሁ።