የእትዬ ዘነበች በርበሬና የእኔ እጅ

ሳያነብ የሚፈርም ሰው ደሜን ያፈላዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ «ምን ያስነብበኛል፣ ያው ነው» እያለ ብዕር የሚመዘውን ማለቴ ነው። ለንደን ውስጥ የዓለም አቀፍ ንግድ ጠበቃ ነኝ፤ እንጀራዬም የተጋገረው ሰው ሳያነብ ከፈረመው ወረቀት ነው። ደንበኞቼን ሁሉ የምመክራቸው አንድ ነገር ነው፦ የመጨረሻዋን መስመር ሳታነቡ እጃችሁን አታንቀሳቅሱ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ብሪክስተን ገበያ ጠሩኝ። እትዬ ዘነበች እዚያ በርበሬና ሽሮ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። በርበሬውን አገር ቤት ያለች እህታቸው ትልክላቸው ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በእሱ ነው። አሁን አንድ የቆየ አዋጅ ተጠቅሶባት መላክ አትችይም ተብላለች።

«እስቲ ይቺን ወረቀት ቼክ አድርግልኝ፣ የኔ ልጅ። በርበሬው ካልመጣ እኔም ሱቁን መዝጋቴ ነው።»

አነበብኩት። የራሱ መጋዘንና ማድረቂያ ማሽን የሌለው ሰው አንድ ጆንያ እንኳ ወደ ውጭ እንዳይልክ ይከለክላል። የእህታቸው ማድረቂያ ፀሐይ ናት! የቱ ደንቆሮ ነው ይህን ያጸደቀው ልል አፌን ከፈትኩ። የአዋጁን ርዕስ ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አገር ቤት የምክር ቤት አባል ነበርኩ። አልነገርኳችሁም እንዴ?

የዚህ አዋጅ ረቂቅ የታደለን ድምፅ በሰጠንበት ዕለት ጠዋት ነበር። እኔ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ምሳ ደረሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የንግድ ሕግ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እጃቸውን ያወጡት የእኔን አይተው ነው። ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀና ወደ ጥብሳችን ሄድን። ያን ጊዜ «ለምን?» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ የባዕድ ኩባንያ ውሉን እንዲያነብ ስመክር እውላለሁ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

«እህትዎ መላክ አይችሉም ይላል።»

ባዶውን የበርበሬ ዕቃ ወደ ጥግ ገፉት፤ ከዚያ ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ።

«ይህን ሕግ ብሎ እጁን ያወጣ ሁሉ እጁ ይቆረጥ! አሜን በል እንጂ!»

እናት ስትራገም ዝም ማለት ነውር ነው። እኔ ነኝ ለማለት ደግሞ ወኔው ከየት ይምጣ? ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ «አሜን» አልኩ።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።