የእማዬን ማኅበርተኞች ባሕር ያጠጣሁ ቀን

ከዛሬ ጀምሮ ካዛንቺስ ውስጥ ቀና ብዬ የምሄድ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ሰፈር መቀየር አለብኝ። ምናልባትም ስም!

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ግን መጀመሪያ በእጃችሁ የያዛችሁትን መጠጥ አስቀምጡት።

የእማዬን የማኅበር ድግስ አበላሸሁ። ድግሱን ብቻ አይደለም፣ የንስሐ አባታችንን ምላስ ጭምር።

በምን? በአኳሪየም!

ለማታውቁኝ፦ እኔ የተወለድኩት አሰብ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነበር። ገና ልጅ ሳለሁ ነው ጓዛችንን ጠቅልለን እዚህ ካዛንቺስ፣ አክስቴ ግቢ የገባነው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ባሕር በዓይኗ አላየችም። ስለ አሰብም ብዙ አታወራም። ስጠይቃት "ሙቀቱ አይጣል ነበር" ብላ ትዘጋዋለች።

ባለፈው ዓመት ቲቪ ላይ ባሕር ሲያሳዩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ "እንዲህ ነበር እንዴ? መልኩ እየጠፋኝ ነው" አለች።

በቃ። 

እናቴ ባሕሯን ጨርሳ ሳትረሳው ሳሎኗ ድረስ ላመጣላት ወሰንኩ። እንደ አበባ የሚፈካውን የባሕር ድንጋይ፣ ኮራሉን፣ ብርቱካናማውን ዓሣ፣ ሁሉንም! እስቲ አሁን ይሄ ምን ክፋት አለው?

ዩቲዩብ ገባሁ። እዚያ ነው "ሳምፕ" ከሚባል ነገር ጋር የተዋወቅነው። ማለቴ፣ ዓሣው የሚኖርበት ገንዳ ከላይ ይቀመጣል፣ ከሥሩ ደግሞ ተደብቆ ሌላ ገንዳ አለ። ውሃው በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሦስት ክፍል እያለፈ ይጣራል፣ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የታችኛው ገንዳ ነው ሳምፕ። ባጭሩ፣ ማጣሪያ።

ለወራት እሱን ብቻ ነው ያሰብኩት። ቢሮ ስብሰባ ላይ አለቃዬ ስለ ዕቅድ ሲያወራ እኔም ዕቅድ እየሳልኩ ነበር። የሳምፕ!

አኳሪየም የሚሠሩ ፈረንጆች ፎረም ላይ "ድንገት መብራት ቢጠፋስ?" እያሉ እንደ ምጽአት ቀን ይጨነቃሉ። ሳቄ መጣ። ወንድሞቼ፣ እኛ ጋ እኮ ጥያቄው "ድንገት ቢመጣስ?" ነው!

ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ሳምፑ ያንን የሚችል ሰፊ ቦታ ያስፈልገዋል። እኔ የመብራት መጥፋት ልጅ ነኝና የመታጠቢያ ገንዳ የሚያህል አሠራሁ። ወሎ ሰፈር ያለው መስታወት ሠሪ "ለዓሣ ነው ወይስ ለአዞ?" እያለ ነው የገጣጠመልኝ። የእማዬን አሮጌ ቡፌ በብረት አጠናክሬ፣ የዓሣውን ገንዳ ላዩ ላይ፣ ሳምፑን ሳህን ይቀመጥበት በነበረው ውስጥ አስገባሁት።

ጨዉስ? የገበያ ጨው አይሆንም፣ ለኮራል የተዘጋጀ ልዩ ጨው ነው የሚፈልገው። ጓደኛዬ ከዱባይ ሻንጣ ሙሉ ይዞልኝ መጣ። እናቱ ሻንጣውን ስትከፍት ሽቶ ጠብቃ ነበር። "ዱባይ ድረስ ሄደህ ጨው?" ብላ እስካሁን ታለቅሳለች።

ትናንት ጨዉን በጥብጬ ሳምፑን ሞላሁት። ዓሣ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ኩልል ያለ የጨው ውሃ ብቻ። ታዲያ አፌን ዘግቼ አልቀመጥም! ለዛሬው ማኅበር እማዬን ሊያግዙ የመጡትን ጎረቤታችንን እትዬ ሙሉን ቡፌውን ከፍቼ አስጎበኘኋቸው።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጄ?"

"ማጣሪያ ነው እትዬ! በሦስት ክፍል የሚጣራ ውሃ! አዲስ አበባን ቢያስሱ እንዲህ ያለ ውሃ አያገኙም!"

አያችሁልኝ? "የሚጣራ" አልኩ። ጨው የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። ለእማዬም ድንገተኛ ስጦታ ስለሆነ ምንነቱን አልነገርኳትም።

ዛሬ አርብ ነው፣ ጾም ነው፣ የእማዬ ተራ ነው። ማኅበርተኞቹን ብታዩዋቸው ትወዷቸዋላችሁ። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ እዚህም እዚያም ቢበተኑም፣ አንዷ ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላዋ ከከተማው ጫፍ በታክሲ ተጋፍተው፣ ዛሬም የሚገናኙት ካዛንቺስ ነው። ለዚያ ነው እማዬ ተራዋ ሲደርስ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የማይወስዳት።

እኔ ጠዋት ለፓምፑ ቱቦና መገጣጠሚያ ፍለጋ ባምቢስ ሰፈር ሄድኩ።

ቤት ምን ሆነ መሰላችሁ?

ውሃ ጠፋ!

እኔ ጀግናው፣ ለመብራት መጥፋት ስንት ወር ያቀድኩት ሰውዬ፣ ውሃም እንደሚጠፋ አላሰብኩም። አዲስ አበባ ላይ፣ በድግስ ቀን፣ ገንዳ ሙሉ ውሃ ቤት አስቀምጬ ማንም አይነካውም ብዬ ወጣሁ። ካዛንቺስ ያደግኩ ሰው!

እትዬ ሙሉ ምን ያድርጉ? "ኧረ ልጁ የተጣራ ውሃ አለው!" ብለው በጆግ መቅዳት። ምስር ወጡ በእሱ። አልጫው በእሱ። ሻዩ በእሱ! ወጡ ላይማ እንደ ልማዳቸው ጨውም ጨመሩበት።

"ሲሠሩ አይቀምሱም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ጾም ነው ስላችሁ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ይቀምሳል? እትዬ ሙሉ ደግሞ "እኔ ወጥን በመዓዛው ነው የማውቀው" የሚሉ ሴት ናቸው።

ቱቦዬን አንግቤ ስገባ ጸሎቱ አልቆ ምግቡ ቀርቧል። አባ፣ የንስሐ አባታችን፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፋቸው አደረጉ።

መንጋጋቸው ቆመ።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ግን ዋጡት! "እጃችሁ ይባረክ" አሉና ሻዩን አነሱ።

በዚህ መሃል ነው ቡፌው ተከፍቶ፣ ሳምፑ ጎድሎ፣ ጆጉ ውስጡ ሲንሳፈፍ ያየሁት።

ሴቶቹ በየተራ ጎረሱ። በየተራም ዝም አሉ። ማኅበር ላይ የሰው ወጥ አይነቀፍማ! አንዷ "ይጣፍጣል፣ ትንሽ ጨው… ማለቴ፣ ይጣፍጣል" ብላ ጠላዋን ጨለጠች። ጠላው ቀድሞ ባይጠመቅ ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?

"እትዬ፣ ውሃውን ከየት ነው የቀዱት?" አልኩ።

"ከማጣሪያህ ነዋ! ተባረክ፣ አንተ ነህ ያወጣኸን!"

"እሱ እኮ የባሕር ውሃ ነው!"



አባ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "የየትኛው ባሕር?" አሉ።

እማዬን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ስትነሳ ግን ሰማኋት። ሳምፑ ጋ ሄደች፣ ጣቷን ነከረች፣ ላሰችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ባሕር አመጣላታለሁ ብዬ ስሟን አጠፋሁት አልኩ በልቤ።

"የአሰብ ነው" አለች። "አባትህ ከሥራ ሲገባ ከንፈሩ ላይ የነበረው ጣዕም።"



እኔ አለቀስኩ። ምን ላድርግ? አለቀስኩ!

ከዚያ እማዬ ማውራት ጀመረች። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን! ባሕሩ ማለዳ ላይ ወተት መስሎ እንደሚተኛ፣ ቀትር ላይ ዓይን እንደሚወጋ፣ ወደ ማታ እሷና አባዬ ዳርቻው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ሳይነጋገሩ እንደሚቆዩ። ሴቶቹ ደረቅ ዳቦ በጠላ እየበሉ አዳመጧት። አንዷም ቶሎ ልሂድ አላለችም።

እንግዶቹ እንደወጡ እማዬ የልብስ ሳፋ አመጣች። የተረፈውን ውሃ ከሳምፑ አስቀዳችኝ። ወንበር ስባ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ነከረች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዓሣውንና ኮራሉንስ መቼ ላምጣልሽ?" አልኳት።

"አሁን ዝም በል" አለችኝ።

ዝም ብዬ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ። ያ ሁሉ ስሌት፣ ያ ሁሉ ቱቦ፣ ለካ የሚያስፈልጋት ሳፋ ነበር። አሁን ደግሞ "በርዷል፣ ልድፋው?" ስላት "እንዳትነካው! ነገም እፈልገዋለሁ" አለች።

እና ከእናንተ ውስጥ፣ እባካችሁ ሳትስቁብኝ፣ የልብስ ሳፋ ላይ ሳምፕ ገጥሞ የሚያውቅ ሰው አለ?