እመት ቁርጥ ለማንም ያልሰጡት መልክ

በየቤተሰቡ አንድ መልክ አከፋፋይ አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ዘመድ ከተገኘ፣ አከፋፋዩ ለጊዜው ሌላ ቤት ሄዶ እያከፋፈለ ነው ማለት ነው። ሕፃን ሲወለድ ሌላው ጠያቂ «እናቲቱ እንዴት ናት?» ሲል፣ መልክ አከፋፋዩ በቀጥታ ወደ ሕፃኑ አልጋ ጎንበስ ይልና አፍንጫውን ለአጎት፣ ግንባሩን ለአያት፣ ጆሮውን ደግሞ ቅር እንዳይላቸው ለአማቾች ያድላል። ሥልጣኑን ማን እንደ ሰጠው አይታወቅም፤ የሚነጥቀው ግን የለም።

ከዚህ ወገን ሁሉ አንደኛዋ፣ የሰፈሩ ሰው «እመት ቁርጥ» የሚላቸው፣ የአፍንጫና የግንባር ጠቅላይ ዳኛ የሆኑት ክብርት ሴት ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከአፋቸው ከማይጠፋው ቃል ነው፤ «ቁርጥ አባቱን»፣ «ቁርጥ አክስቷን» ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በፎቶ ቤት ነው። ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን በቀጭን ብሩሽ የደንበኛን ጠባሳ ሲያጠፉ፣ ከንፈር ሲያቀሉ፣ የፈዘዘ ዓይን ሲያበሩ ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ለእሳቸው ከየቤቱ ተውሶ የተገጣጠመ ዕቃ ነው፤ የትኛው ከማን እንደ መጣ ሳይናገሩ ማለፍ አይሆንላቸውም።

አንድ ጊዜ ከአራስ ቤት ሲወጡ «ግንባሩ የአጎቱ ነው፤ ጆሮው የእናቱ አባት ነው፤ አገጩ ግን ገና አልለየም፤ ጥርስ ሲያበቅል እመለስበታለሁ» ብለው ነበር። ያ ሕፃን ዛሬ ጢሙን ይላጫል፤ አገጩ አሁንም ቀጠሮ ላይ ነው። በሒሳብ የወደቀ ተማሪ ፊታቸው ሲቀርብ «አይፈረድበትም፤ በአጎቱ ወጥቶ ነው» ይላሉ፤ አጎትየው አጠገባቸው ተቀምጦ ሻይ መጠጣቱ ፍርዱን አያዘገየውም። ስንፍና በደም እንደማይተላለፍ፣ ከጥናት መሸሽ ብቻ እንደሚያመጣው ቢነገራቸውም «እሱን ለአጎቱ ንገረው» ከማለት አልፈው አያውቁም።

ባንክ ቤት ወረፋ ይዘው ሳለ ደግሞ ገንዘብ ከፋዩን ወጣት ትክ ብለው አይተው፣ «አያትህ አናጢ አልነበሩም?» አሉት።

«እንዴት አወቁ?»

«እርሳስ ከጆሮ ጀርባ መሰካት እንዲሁ አይመጣም፣ ልጄ።»

አያቱ በእርግጥ አናጢ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእመት ቁርጥ ጋር መኖር የማይቻል ሆነ።

ይሁንና ፍርዳቸው ሁልጊዜ ለዕውቀት ብቻ አልነበረም። አንድ ጎረቤታቸው ወላጅ የሌላትን ሕፃን ሊያሳድግ ቤቱ ያስገባት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ምን እንደሚባል ጨንቆት ቆሞ ሳለ፣ እሳቸው ገብተው ልጅቷን አገላብጠው ካዩ በኋላ ምንም ሳይሽኮረመሙ «ቁርጥ አባቷን» አሉ። ልጅቷ አድጋ ዛሬ ስትቆጣ ከንፈሯን የምትነክሰው ልክ እንደ አሳዳጊዋ ነው። ይግባኝ ያለ ሰው የለም።

ከዚህ ሁሉ እደላ ባዶ እጇን የቀረች አንዲት ሰው ነበረች፤ የሟች ወንድማቸው ልጅ። ሥራዋ መነጽር መሥራት ነው። እሷም እንደ አክስቷ በሰው ፊት ነው የምትተዳደረው፤ አፍንጫ ትለካለች፣ በዓይንና በዓይን መካከል ያለውን ስፋት በማስመሪያ ትይዛለች፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ሳያውቀው ታውቃለች። እመት ቁርጥ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በሰው ፊት የሚነግሯት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አንቺ በእናትሽ ወገን ነው የወጣሽው። ከኛ ምንም የለሽም።»

የእናቷ ወገኖች ፊታቸው ክብ፣ አንገታቸው አጭር ነው። እሷ አንገቷ መለሎ፣ አፍንጫዋ ቀጭን ነው፤ ግራ ቅንድቧም ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደ ተጠራጠረ ሰው ከቀኙ ከፍ ይላል። በሱቋ መስታወት ፊት ቆማ የእናቷን ወገኖች በራሷ ላይ ስትፈልግ ኖራለች፤ አላገኘቻቸውም። የአክስቶቿና የአጎቶቿ ልጆች ሁሉ ቢያንስ አንድ ጆሮ ሲደርሳቸው ለእሷ ምንም ስላልተረፈ፣ እትዬ አይወዱኝም ብላ ነገሩን ከዘጋችው ቆይታለች።

አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰሰች። ሐኪሟ መርምራ ውኃ የቋጠረ እብጠት እንጂ ክፉ ነገር እንዳልሆነ ነገረቻት። እብጠቱ ጠፋ፤ የሐኪሟ ጥያቄ ግን አልጠፋም፦ «በአባትሽ በኩል በጡት ወይም በማህፀን አካባቢ በሽታ የሞተ ሰው አለ?» በአባቷ በኩል አያቷ ገና በወጣትነቷ «በሆድ» መሞቷን፣ የእመት ቁርጥ ታናሽ እህትም «በጡት ቁስል» ማለፏን ሰምታለች፤ ከዚህ አልፎ የሚያወራ ሰው ግን በቤቱ አልነበረም።

ወደ ዘር ምርመራ አማካሪ ተላከች። አማካሪዋ ነገሩን ሳታካብድ አስረዳቻት፦ «ለጡትና ለእንቁልጢ፣ ማለትም ለሴቷ እንቁላል ማመንጫ፣ ካንሰር የሚያጋልጥ የዘር ስህተት አለ። ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአባትም ይወረሳል፤ ወንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን ሳያሰማ ያልፋል እንጂ። መጀመሪያ ከአባትሽ ወገን በዕድሜ የገፋ ሰው ቢመረመር ጥሩ ነው። እሱ ላይ ካገኘነው አንቺ ላይ ምን እንደምንፈልግ እናውቃለን። አለበለዚያ ያንቺ ‹የለም› ሙሉ ‹የለም› አይሆንም።»

ከአባቷ ወገን በሕይወት የቀሩት አዛውንት ደግሞ አንድ ብቻ ነበሩ።

እመት ቁርጥ ነገሩን እንደ ሰሙ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አያቴ በምንድን ነው የሞተችው፣ እትዬ?»

«በሆድ።»

«ሆዷን ምን ሆና?»

«ነፋት። ያኔ ሰው ዝም ብሎ ይሞት ነበር፤ እንዳሁኑ ስም አይወጣለትም።»

«እህትዎስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ሱቅ የለሽም?»

«እትዬ፣ ደምዎን ይስጡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«የሴት በሽታ በሴት ነው የሚመጣው። አባትሽ ጡት የለው፣ ማህፀን የለው፤ በምኑ ተሸክሞ ያመጣልሻል? ደሞ በሽታ መልክ ተከትሎ ነው የሚሄደው። አንቺ በእናትሽ ወገን ነው የወጣሽው፤ ስንቴ ልንገርሽ? ይልቅ የመነጽሬ ብሎን ላልቷል፤ መኝታ ቤት ነው፣ አምጪና አጥብቂልኝ። እስክትመለሺም ይህን ወሬ ርሺው።»

የእመት ቁርጥ ሳሎን ግድግዳ ዘመድ አዝማድ በየክፈፉ የተሰለፈበት ነው። መኝታ ቤታቸው ግን እንግዳ አይገባበትም፤ እሷም ከዚያ በፊት ገብታ አታውቅም። መነጽሩን ከአልጋው ራስጌ ስታነሣ፣ ከበላዩ በእጅ ቀለም የተቀባ የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየች። አንገቷ መለሎ፣ አፍንጫዋ ቀጭን ነበር። ግራ ቅንድቧም ከቀኙ ከፍ ብሎ ነበር። መነጽር ሠሪዋ መስታወት ያየች መስሏት እጇን ወደ ቅንድቧ ሰደደች፤ በፎቶው ያለችው ሴት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

በአንድ እጇ መነጽሩን፣ በሌላው ፎቶውን ይዛ ወጣች።

«እትዬ፣ ይህች ሴት ማንን ትመስላለች?»

ጠቅላይ ዳኛዋ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቸገራቸው።

«እማዬ ናት። እህቴ ስትወለድ መልኳን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጅ ነበርኩ። ‹ቁርጥ እማዬን› እያልኩ ከጎረቤት ጎረቤት ዞርኩ። እማዬ ሞተች። እህቴም እንደሷ ሆና አደገች፤ እንደሷ ሄደች። እኔ የአባቴን አፍንጫ ይዤ ቀረሁ። አንቺ ስትወለጂ መጣሁና ጎንበስ ብዬ አየሁሽ።»

«እና?»

«እና ለእናትሽ ወገን ሰጠሁሽ። ምን ላድርግ? እዚያ ሴቶቹ እስኪጃጁ ነው የሚኖሩት።»

«እኔኮ አይወዱኝም ብዬ ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ። ከሞትሽ ኩርፊያሽ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ከዚያ እመት ቁርጥ በእጇ ወዳለው መነጽር ጠቆሙ። «ብሎኑን አጥብቂልኝ። ያቺን አማካሪሽን ሳላያት ደሜን አልሰጥም፤ ደህና አድርጌ ማየት አለብኝ።»

አዩአትም። አማካሪዋን ገና ከመቀመጣቸው «በአባትሽ ነው የወጣሽው» ብለው ፈረዱባት።

«ሁሉም ሰው ግን እናትሽን ነው የምትመስዪው ይለኛል።»

«እስቲ ፎቶ አምጪ።»

አማካሪዋ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ስለ ነበረች በዚህ አልተከራከረችም። «መልክና ይሄ ነገር በአንድ መኪና አይሳፈሩም» አለቻቸው ብቻ። እመት ቁርጥ አላመኗትም፤ ክንዳቸውን ግን ሰጡ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ልጅቷም ሰጠች።

ውጤቱ የደረሰ ቀን አክስትና የወንድም ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የዘር ስህተቱ እመት ቁርጥ ላይ ተገኝቶ ነበር።

«የኔን ተዪውና የልጅቷን ንገሪኝ» አሉ።

«እሷ ላይ የለም። እንደ ማንኛዋም ሴት በጊዜው ትታያለች እንጂ ይሄኛው አልደረሳትም።»

«ደግመሽ እዪው።»

«ደግመን አይተነዋል፣ እማማ።»

«ፊቷ ግን …»

«ፊቷ ሌላ ጉዳይ ነው።»

እመት ቁርጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰውነት ሥዕል አንብበው ሊጨርሱት እንደ ፈለጉ ሁሉ አዩት። «ከእማዬ ምንም ሳይደርሰኝ ቀረ እያልኩ ሳዝን ነው የኖርኩት» አሉ። «ለካ ይህን አስቀምጣልኝ ኖሯል።»

እንቁልጢዎቻቸው በቀዶ ሕክምና ቢወጡ፣ ጡታቸውም በየዓመቱ በራጅ ቢታይ እንደሚሻል ተነገራቸው። «ያልታመመ ሰውም ይቀደዳል እንዴ?» ሲሉ፣ አማካሪዋ «ጥቅሙ ሳይታመሙ ነው። እንቁልጢ ስትታመም ቶሎ አትናገርም፤ ስትናገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረፍዳል» አለቻቸው። እናታቸውን ያስታመሙ ሴት ስለ ነበሩ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ግን ዘመዱን ሁሉ ሳሎናቸው ሰበሰቡ፤ ወንዶቹንም ጭምር። ፎቶው ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሩ አጠገብ፣ ገቢ ወጪው በሚያየው ቦታ ተሰቅሏል። እመት ቁርጥም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ፣ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገሩ። «ግንባርህ የአባትህ ነው፤ ደምህን ግን አላውቅም። ሄደህ ጠይቅ።» «ጆሮሽ የኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ሄደሽ ጠይቂ።» አንዱ «ወንድ ምን አገባው?» ብሎ ሊቀልድ ሲሞክር፣ «ሴት ልጆች አሉህ፤ እሱ ነው የሚያገባህ» ብለው አስቀመጡት። ዕድሜ ልክ «አውቃለሁ» ሲል ከኖረ አፍ «አላውቅም» ሲወጣ መስማት ምን ያህል እንደሚያስከብር፣ በዚያ ሳሎን የነበረ ሁሉ የሚመሰክረው ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከማደንዘዣው ሲነቁ መነጽር ሠሪዋ በአልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ታያቸው ነበር፤ እሳቸው በሌላው ሰው ሕፃን ላይ ሁሉ ጎንበስ ሲሉ እንደ ኖሩት። ያለ መነጽር ነገሩ ሁሉ ጭጋግ ነበርና ዓይናቸውን አጥበብ አድርገው፣ «እማዬ» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

መነጽሩን በአፍንጫቸው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችላቸው። እሳቸውም አንገቷን፣ አፍንጫዋን፣ ያን ተጠራጣሪ ቅንድቧን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይቸኩሉ መረመሩ።

«ቁርጥ እናቴን» አሉ።

«ይግባኝ የለውም?»

«የለውም።»

አሁን በዚያ ቤተሰብ ሌላ ልጅ ሊወለድ ነው። ሲያሾፍባቸው የኖረው ዘመድ ሁሉ፣ የዚህ አምድ አዘጋጅም ጭምር፣ እሳቸው መጥተው ጎንበስ እስኪሉ ድረስ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል አፉን ሞልቶ የሚናገር አይኖርም።