የነጋድራስ ወልደተንሣኤ ድንጋይ

ባሏ ሳይጭን የዋለበት አንድ ቀን ምን እንደሚያስወጣት ይመኙሻልን ጠይቋት። ለበቅሎይቱ ገብስ፣ ለባሏም ገብስ፤ በቅሎይቱ ከጭድ ጋር ትበላዋለች፣ እሱ በጠላ መልክ ይጠጣዋል። በዚያ ላይ "ዛሬም አልጫነም?" ለሚሉ ጎረቤቶች የሚከፈል ፈገግታ አለ፤ እሱ ከገብሱ ይወደዳል።

ዋጋ ከማረክስ ልራብ የሚል ሰው የሌለበት አገር የለም። ለአንኮበር የደረሳት የይመኙሻል ባል ወልደተንሣኤ ነው። ያለችው አንዲት በቅሎ ብትሆንም ሰው ሁሉ "ነጋድራስ" ይለዋል። ማን ሾመህ ሲሉት፣ "ሻሪ ሳይመጣ ስለ ሿሚ ምን አስጠየቀ?" ይላል።

ንጉሡ ከተማቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ ወዲህ ወደ አንኮበር የሚወጣው ጭነት ሳስቷል። ከታች ከአሊዩ አምባ ገበያ አንድ ጭነት ጨው ማውጣት አራት አሞሌ ያስገኝ ነበር፤ አሁን ነጋዴው ሁለት ይላል። ሌሎቹ አጋሰስ ነጂዎች እያጉረመረሙም ቢሆን ይጭናሉ። ወልደተንሣኤ ግን ጣቱን ቀስሮ፣ "ዛሬ የረከሰ ነገ አይወደድም!" ይላል።

በቅሎን ባዶዋን ዳገት ማውጣትም በእሱ ሕግ ነውር ነው። ባዶዋን መውጣት የለመደች በቅሎ ጭነት ስታይ ትተኛለች ባይ ነው። ስለዚህ ሁለት አቅማዳ ድንጋይ ይሞላና፣ ግራ ቀኙን አመዛዝኖ፣ መጫኛውን አጥብቆ ሽቅብ ይላል። ወዴት? ወደ አንኮበር! ሌላው ሌላው ቢጎድለው ድንጋይ ጎድሎት ወደማያውቅ አገር!

የኬላው ጠባቂ መጀመሪያ ያገኘው ዕለት የዝሆን ጥርስ ደብቋል ብሎ አቅማዳውን ዘረገፈው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ድንጋይ።"

"የማን?"

"የራሴ።"

"ለምን ጫንኸው?"

"ዋጋ አልስማማ ቢለኝ።"

ጠባቂው ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ደህና ደህናውን ድንጋይ መርጦ ለቀረጥ አስቀረ። ወልደተንሣኤ ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ገባ። "አየሽ?" አላት ሚስቱን፣ "ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ ነው!"

"አንተ ሰው፣" አለች ይመኙሻል ያዘለችውን ልጅ እያወረደች፣ "ቀቅዬ ላብላህ?"

ሰኔ ተቃረበ። ክረምት ገብቶ ቁልቁለቱ ማዳለጥ ሲጀምር ጭነት ይቆማል፤ የጎታው ገብስ ደግሞ እስከዚያም አያደርስ። ይመኙሻል ቁርጡን ነገረችው፦ "በዚህ አርብ የሰው ዕቃ ጭነህ ካልመጣህ፣ በቅሎይቱን ደብረ ብርሃን ወስደን እንሸጣለን።" ወልደተንሣኤ ፊቱ አመድ መሰለ። በቅሎይቱም ሰምታ ይሁን አይታወቅም፣ ያን ቀን ገብሷን አስተረፈች።

አርብ ገበያ ላይ የጨው ነጋዴው ዓወል ጠጋ አለው።

"ነጋድራስ፣ በሁለት አሞሌ ይጭናሉ?"

"በአራት።"

"ወላሂ ከሁለት በላይ የለኝም።"

ወልደተንሣኤ በቅሎይቱን አየ፤ ሽቅብ ደግሞ ዳገቱን አየ። እሺ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ያው የለመደው ነበር፦ "ዛሬ የረከሰ ነገ አይወደድም!" ከዚያ በኋላ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ድንጋይ ለመልቀም ጎንበስ አለ።

ይህን ስታይ የቆየችው የዓወል እናት መሪማ ናት፤ በትሯን ተመርኩዛ መጣች። "ወልደተንሣኤ ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ። እንግዲያው በነፃ አድርስልን።"

"በነፃ?" ቀና አለ፤ ፊቱ በራ። "ምነው እማማ፣ እስካሁን ሳይነግሩኝ! ነፃ ምን ዋጋ አለውና ይረክሳል?"

ድንጋዩን ጥሎ ጨዉን ጫነ።

ይመኙሻል የሰው ዕቃ ጭኖ መምጣቱን ስታይ እልል ልትል ነበር፤ በነፃ መሆኑን ስትሰማ እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። በማግሥቱ ልጇን አዝላ ወደ አሊዩ አምባ ወረደች። ከመሪማና ከዓወል ጋር ምን እንደተባባሉ ለባሏ አልነገረችውም።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን መሪማ ትለምናለች፣ ወልደተንሣኤ በነፃ ይጭናል። መሪማም ስታሰናብተው፣ "ይቺን ደግሞ ለልጅህ እናት፣ ስጦታ ናት" እያለች በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ትሰጠዋለች። ሁለት አሞሌ። ሁልጊዜ ሁለት። በቅሎይቱም ሳትሸጥ ቀረች።

"ደጎች ናቸው እኮ!" ይላል ወልደተንሣኤ ቋጠሮውን ለሚስቱ እያቀበለ። "ዋጋ ቢሆን ኖሮ በዚህ አልጭንላቸውም ነበር።"

ይመኙሻል ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። መንገር ትችል ነበር። ግን ድንጋይ ጭኖ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ ዳገት የሚወጣ ባል ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ያ አንገት ሲጎብጥ ማየት አትፈልግም።

እንግዲህ ወደ አንኮበር የምትልኩት ዕቃ ያላችሁ ሁሉ፣ ይመኙሻል አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ለእሱ ዋጋ አትጥሩለት፤ በነፃ ለምኑት። ስጦታውን ለእሷ ላኩ። ከተቻላችሁም አራት አድርጉት።